ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ባልትና ቤትና እንጀራ ቤት ውስጥ አዲስ ነገር ምርታማነት የሚጨምረው መቼ ነው?

"ኢኖቬሽን" ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ስቲል ማሽን ነው፣ ከቻይና በኮንቴነር የመጣ፣ ዲጂታል ስክሪን ምናምን ያለው፣ ሻጩ በቴሌግራም ቪዲዮውን እየላከ "በሰዓት ይሄን ያህል ኪሎ ይፈጫል" የሚላችሁ። እሺ ይፈጫል፣ አልዋሸም። ግን የናንተ ቤት ችግር መፍጨት ነው እንዴ? ባልትና ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ዳቦ ቤት ወይ ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ያላችሁ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ ሰዎች፣ ብር ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደምትለኩ፣ የቱ አዲስ ነገር የት ጋ እንደሚሰራ፣ መግዛት የግድ ከሆነም እንዴት እንደሚገዛ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ

እየቀለድኩ አይደለም፣ ከሁሉም በፊት የሚገዛው ደብተር ነው። ምክንያቱም ብዙ ቤት "ዘንድሮ ስራ ጨምሯል" ይባልና ሲሰላ ድካሙ ብቻ ነው የጨመረው። በቁጥር እንየው፣ 4 ሰራተኛ 8 ሰዓት ሰርቶ 160 ኪሎ ሽሮ አሽጎ ካወጣ 32 የሰው ሰዓት ነው፣ ስለዚ በአንድ ሰው ሰዓት 5 ኪሎ። አሁን ሁለት ሰው ቀጠራችሁና 210 ኪሎ ወጣ እንበል፣ ደስ ይላል አይደል፣ ግን 48 የሰው ሰዓት ነው ያወጣችሁት፣ 210 ለ48 ሲካፈል 4.4 አካባቢ ነው። ምርቱ ጨምሯል፣ ምርታማነቱ ወርዷል፣ ለዛ ነው ወር መጨረሻ ላይ ደሞዝ ስትከፍሉ "ብሩ የት ገባ" የምትሉት።

እዛ ደብተር ላይ በየቀኑ ሶስት ነገር ጻፉ። በሰው ሰዓት ስንት ኪሎ ወጣ። ከ100 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ስንት ኪሎ የሚሸጥ ነገር ተገኘ (ብጣሪው፣ ገለባው፣ ያረረው፣ መሬት የፈሰሰው ሁሉ ተቀንሶ)። ሶስተኛው መብራት ወይ እንጨት ነው፣ ቆጣሪውን ጠዋትና ማታ አንብባችሁ ለኪሎው አካፍሉት። ሁለት ሳምንት ብቻ ጻፉ፣ ከዛ በኋላ ስለራሳችሁ ቤት ከማንም ማሽን ሻጭ የተሻለ ታውቃላችሁ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ደግሞ ለብቻ መዝግቡ፣ ኋላ በጣም ይጠቅማችኋል።

ክምሩ የት ነው?

ሽሮ ስትሰሩ አተሩ ወይ ሽምብራው ይለቀማል፣ ይቆላል፣ ይከካል፣ ገለባው ይወጣል፣ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል፣ ይነፋል፣ ይታሸጋል። ከነዚ ውስጥ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው ይዘገያል፣ ቤቱ በሙሉ ደግሞ በዛ በዘገምተኛው ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ሌላው ቢበር ባይበር ለውጥ የለውም። ማነቆ የሚባለው እሱ ነው። ለማግኘት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ቤቱ መሃል ቁሙና ዕቃ የት ጋ እንደተከመረ እዩ። ተፈጭቶ ያልታሸገ ሽሮ በጎላ በጎላ ከተደረደረ ማነቆው ማሸጊያው ጋ ነው፣ ወፍጮው ስራ ፈቶ ሰዎቹ ከተቀመጡ ደሞ ማነቆው ከሱ በፊት ነው ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለቀማ።

እኔ ካየኋቸው ባልትና ቤቶች አብዛኞቹ ላይ የታነቀው ማሸጊያ ጠረጴዛው ጋ ነው፣ እና ሁሉም መጀመሪያ መግዛት የሚያስቡት ትልቅ ወፍጮ ነው! በሰዓት 200 ኪሎ የሚፈጭ ወፍጮ ገዝታችሁ ማሸጊያው በሰዓት 20 ኪሎ ብቻ ካወጣ ያገኛችሁት ትልቅ ክምር ብቻ ነው፣ ሽሮው ክፍት ተቀምጦ እርጥበት ይስባል፣ ሽታው ይሄዳል፣ ብራችሁም እዛው ተኝቷል።

ስለዚ ማሸጊያ ጠረጴዛውን ጠጋ ብለን እንየው። አንዷ ፌስታሉን በአንድ እጇ ከፍታ በሾርባ ማንኪያ ትሞላለች፣ ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች፣ 480 ይላል፣ ትጨምራለች፣ 530 ይላል፣ ትቀንሳለች፣ "ይሁን" ትልና ታሳልፈዋለች። ሌላዋ በሻማ እሳት አፉን አቅልጣ ትዘጋዋለች፣ ግማሹ ይበሳል፣ እንደገና። አንድ ከረጢት ከመሞላት እስከ መዘጋት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ በስልካችሁ ስቶፕዋች ለኩ፣ ሃያ ሰላሳ ከረጢት ለኩና አማካዩን ያዙ። ከዛ ሶስት ለውጥ ሞክሩ። አንደኛ ማንኪያውን አስወግዱና አንዴ ሲቀዳ ከ490 እስከ 495 ግራም የሚይዝ መስፈሪያ ቆርቆሮ አሰሩ፣ ሚዛኑ ላይ የሚቀረው ትንሽ ቆንጠር ማድረግ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ የፌስታሉን አፍ ከፍቶ የሚይዝ ሰፊ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ወይ ቀለበት ያለው ማቆሚያ ብረታ ብረት ቤት አሰሩ፣ የአንዷ እጅ ነጻ ይወጣል። ሶስተኛ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የፕላስቲክ ማሸጊያ ግዙ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ወይ በእግር የሚረገጠው፣ ከወፍጮ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት ነው።

እዚ ጋ ሰው የማያየው ሌላ ብር አለ። 500 ግራም ተብሎ የሚሸጠው ከረጢት በአማካይ 520 ከሆነ በየከረጢቱ 20 ግራም እየመረቃችሁ ነው፣ 4 ከመቶ ማለት ነው። ለ1,000 ከረጢት 20 ኪሎ ሽሮ፣ 40 ከረጢት ተጨማሪ ይወጣው ነበር። ጥሬ ዕቃውም ጉልበቱም መብራቱም ወጥቶበታል፣ ደንበኛው ደሞ እንደተመረቀ እንኳን አያውቅም ስለዚ ምስጋናውም የለም። ከ500 በታች ግን አትሂዱ፣ እሱ ማጭበርበር ነው። ደህና ዲጂታል ሚዛንና ጥሩ መስፈሪያ ይሄን ልዩነት ወደ 5 ግራም ካወረዱት የሚዛኑ ዋጋ ቶሎ ተመለሰ።

ማነቆው ማሸጊያው ጋ ሲፈታ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፣ ለምሳሌ ወደ ለቀማ። ያኔ ክምሩን እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ፣ አንዴ ተሰርቶ የሚያልቅ ስራ አይደለም።

እንጀራ ቤት ላይ

እንጀራ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ምጣድ ላይ ከማሰስ እስከ ማውጣት 3 ደቂቃ ከወሰደ በሰዓት 20 እንጀራ፣ በ8 ሰዓት 160። ይሄን 3 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ብታወርዱት በሰዓት 24፣ በቀን 192፣ ማለትም ያለ አዲስ ምጣድ ያለ አዲስ ሰው 20 ከመቶ ጭማሪ። ግማሽ ደቂቃዋ ከየት ትመጣለች? እንጀራው ራሱ ለመብሰል የሚፈልገውን ጊዜ መቀነስ አትችሉም፣ ብትችሉም ጥሬ ይሆናል። የሚቀነሰው በመሃል ያለው ነው፣ ማሰሻው የት ነው፣ ጎመን ዘሩ አለቀ፣ ሊጡ ያለበት ባልዲ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ነው፣ ሰፌዱ አንድ ብቻ ስለሆነ የወጣው እንጀራ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ሊጡን በወገብ ቁመት ላይ አድርጉት፣ ሰፌድ ጨምሩ፣ ካላችሁት ሰው አንዱን እንጀራ እየተቀበለ ወስዶ እንዲያቀዘቅዝ ለሶስት ለአራት ጋጋሪ መድቡ፣ ጋጋሪዋ ከምጣዷ ዞር እንዳትል። ጎንበስ ቀና ሲቀንስ ወገባቸውም ይተርፋል፣ ከሰዓት በኋላ ፍጥነቱ የሚወርደው እኮ በድካም ነው።

ሁለተኛው ነገር ሊጡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ብርድ ሲሆን ሊጡ ቶሎ አይቦካም፣ ሲሞቅ ደግሞ ይቸኩልና ይመራል፣ ብዙ ቤት ይሄን በእጅ ልምድ ብቻ ነው የሚይዘው። ልምዱ ያላት ሴትዮ ስትታመም ያን ቀን እንጀራው አይን አያወጣም፣ ግማሹ ይመለሳል። እሷ በአይኗ የምታውቀውን ወደ ሚዛንና ቴርሞሜትር አምጡት፣ ለስንት ኪሎ ዱቄት ስንት ሊትር ውሃ፣ ስንት ግራም እርሾ፣ አብሲቱ ከሊጡ ስንት እጅ፣ ክፍሉ ስንት ዲግሪ፣ በስንት ሰዓት ደረሰ። ከሰላሳ ቀን በኋላ የራሳችሁ ሰንጠረዥ ይኖራችኋል፣ ለብርድ ቀን ውሃውን ሞቅ ማድረግ ወይ እርሾ መጨመር እንዳለባችሁ ከወዲሁ ታውቃላችሁ። በኔ እይታ እንጀራ ቤት ውስጥ ከዚ የበለጠ በርካሽ የሚገኝ ኢኖቬሽን የለም፣ ግን ስለማያብረቀርቅ ማንም አያወራለትም።

ምጣድ መጨመር ካሰባችሁ መብራቱን አስሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል፣ 10 ምጣድ 35 ኪሎዋት ነው፣ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ይሄን አይችለውም፣ ስሪ ፌዝ (ባለ ሶስት መስመር) ቆጣሪና የሰፈሩ ትራንስፎርመር አቅም የግድ ነው። ምጣዱን ገዝቶ መብራት ሃይል የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። አውቶማቲክ የእንጀራ ማሽንስ ካላችሁ፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት አለ፣ እዛ ግን የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ክፍያ ስንት እንደሆነ አስቡት፣ ማሽኑ የሚተካው ውድ ጉልበት ነው። እዚ ያው ማሽን ዋጋውን ለመመለስ ብዙ አመት ሊፈጅ ይችላል። የሌላ ሃገር ቪዲዮ አይታችሁ ከመወሰናችሁ በፊት በራሳችሁ ደሞዝ አስሉት።

ወተት ላይ ያለው ወጥመድ

ወተት በሙቀት የምታክሙ (ፓስቸራይዝ የምታደርጉ) ሰዎች ሁለት መንገድ አላችሁ። የድሮው በጋን 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት ነው፣ ሌላው በቱቦና በፕሌት እያለፈ 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ። ሁለቱም በሽታ አምጪውን ተህዋስ ይገድላሉ፣ ጊዜው ግን ከ30 ደቂቃ ወደ 15 ሰከንድ ወረደ፣ በዛ ላይ የሞቀው ወተት ሙቀቱን ለሚገባው ቀዝቃዛ ወተት ስለሚያስተላልፍ ነዳጅም መብራትም ይቆጥባል። አዲስ አሰራር ምርታማነት ሲጨምር ከዚ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ግን ሁለተኛው ማሽን የሚያዋጣው ሳይቋረጥ ሲፈስበት ነው። እኛ ሃገር ደሞ ጾም አለ፣ አቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ረቡዕና አርብም እንደዛው፣ ገበሬው ወተቱን ያመጣል የሚጠጣው የለም። በፋሲካ ሰሞን ሽያጭ ታይቶ የተገዛ ትልቅ ማሽን አመቱን ሙሉ በግማሽ አቅም ይሰራል፣ የባንኩ ወለድ ግን ጾም አያውቅም። እንደዚ አይነት ቤት ውስጥ ይበልጥ የሚያዋጣው አዲስ ነገር የጾሙን ወተት ወደሚቆይ ነገር መቀየር ነው፣ ቅቤ፣ ቺዝ፣ ቦታና ማቀዝቀዣ ካለ። ሽሮ ቤት ላይ ነገሩ ተገልብጦ ነው፣ ጾም ሲገባ ነው ስራው የሚጦፈው። ማሽን ስትመርጡ የአመቱን አማካይ እዩ።

ጥራት ያልኩት ለጨዋነት አይደለም

ተሰርቶ የተመለሰ ዕቃ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው። በርበሬ ላይ ዋናው ጣጣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው፣ ዛላው መሬት ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ማታ ጤዛ ሲነካው፣ ወይ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ሲረጭበት ሻጋታ ይይዘዋል፣ መርዙ ደግሞ በመቁላትም በመፍጨትም አይጠፋም። ለአውሮፓ የምትልኩ ከሆነ ገደቡ ለበርበሬ ቢ1 የሚባለው የአፍላቶክሲን አይነት 5 ማይክሮግራም በኪሎ፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲኑ 10 ነው፣ ከዛ ካለፈ ወደብ ላይ ይቀራል። ዲሲም ሆነ ስቶክሆልም ያለ ዘመድ ጋ በሻንጣ የሚሄደውን ብዙም የሚመረምረው የለም፣ በኮንቴነር ስትልኩ ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ስለዚ በርበሬ ላይ መጀመሪያ የሚገዛው ወፍጮ ሳይሆን ማድረቂያ ነው። ቡና የሚሰጣበትን አይነት ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ አሰሩ፣ ከላይ ማታ ማታ የሚሸፈን ፕላስቲክ ይኑረው፣ ከስርም ከላይም ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፣ አፈርና ጠጠር ስለማይገባበት ለቀማው ላይ የምታጠፉት የሰው ሰዓትም ይቀንሳል። አንድ ለውጥ ሁለት ቦታ ሲጠቅም እንደዚ ነው። አተርና ባቄላ ስትገዙ ደግሞ እርጥበት መለኪያ ባይኖራችሁ የጨው ዘዴ አለች፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ደረቅ ጨውና ጥራጥሬውን ጨምራችሁ አንቀጥቅጡና ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ በላይ ነው ማለት ነው፣ ወይ አድርቁት ወይ ዋጋ አስቀንሱ። እርጥብ ከገዛችሁ እኮ በእህል ዋጋ ውሃ ነው የገዛችሁት። ለበርበሬ ይቺን ዘዴ አትጠቀሙ፣ ላብራቶሪ ውሰዱት።

ካይዘን ሲባል አትሰልቹ

አውቃለሁ፣ ካይዘን (በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ የማሻሻል የጃፓን አሰራር) ሲባል ብዙ ሰው የስልጠና አዳራሽና ውሎ አበል ነው ትዝ የሚለው። ከጃፓን ጋር በተደረገ ፕሮጀክት 30 ፋብሪካዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ፖስተሩ ብቻ ቀርቷል። ግን አምስቱ "ማ"ዎች ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ ለትንሽ የምግብ ማምረቻ ቤት ልክ ናቸው፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ። የማይሰራ ሞተር፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ያለፈው አመት ካርቶን ሁሉ ይውጣ፣ የቀረው ቦታ ይሰጠው፣ ወንፊቱ እዚ መስቀያ ላይ፣ ቁልፉ እዛ። ከወፍጮው እስከ ማሸጊያው ያለውን ርቀት በእርምጃ ቁጠሩና አቀራርቡት። ዋጋው ዜሮ ብር ነው።

አሁን ማሽኑን እንግዛ

ለክታችኋል፣ ማነቆውን አግኝታችኋል፣ በርካሹ መንገድ ሞክራችኋል፣ አሁንም እዛው ጋ ታንቋል፣ ያኔ ማሽን ትገዛላችሁ። ሂሳቡን እንደዚ ስሩት፣ ማሽኑ 360,000 ብር ቢሆንና በወር 15,000 ብር ተጣርቶ ቢያስገኝላችሁ ዋጋው በ24 ወር ይመለሳል። ግን 15,000 ያላችሁት ቀኑን ሙሉ መብራት አለ ብላችሁ ከሆነ ወደዛ ደብተር ተመለሱ፣ ከ8 ሰዓቱ 2 ሰዓት ይጠፋ ከነበረ በሩብ ቀንሱት፣ 32 ወር ሆነ። ጀነሬተር ካሰባችሁ ነዳጁን ጨምሩ።

ሻጩን የምትጠይቁት ብዙ ነው ግን ዋናዎቹ፦ ኩሽኔታውና ቺንጊያው መርካቶ ይገኛል ወይስ ከውጭ ነው የሚመጣው? ሞተሩ ቢቃጠል እዚ የሚጠቀልል አለ? ስሪ ፌዝ ነው ወይስ ሲንግል? ምግብ የሚነካው ክፍል ስቴንለስ ነው ወይስ ቀለም የተቀባ ብረት? ከበርበሬ ወደ ሽሮ ስትቀይሩ ተፈቶ ለመታጠብ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይቺ የመጨረሻዋን ማንም አይጠይቃትም፣ በቀን ሶስቴ ምርት የምትቀያይሩ ከሆነ እያንዳንዷ 40 ደቂቃ ከፈጀች 2 ሰዓት ማሽኑ ቆመ ማለት ነው፣ የሻጩ "በሰዓት ይሄን ያህል" ውስጥ ይሄ የለም። ሌላው መውጫ ነጭ ነጩን አስቀድሞ ቀዩን ወደ መጨረሻ ማድረግ ነው፣ መጀመሪያ በሶ፣ ቀጥሎ ሽሮ፣ በርበሬ ማታ፣ በመሃል ያለው እጥበት ይቀንሳል። እና የራሳችሁን ዛላ ወይ ሽምብራ ይዛችሁ ሄዳችሁ ፊታችሁ አስፈጩ፣ ሲወጣ በእጃችሁ ንኩት፣ በጣም ከጋለ የበርበሬው ሽታና ቀለም እየሄደ ነው። ጥሬ ብር ከሌላችሁ የካፒታል ዕቃ ሊዝ (ማሽኑን ገዝተው በኪራይ መልክ) የሚሰጡ ተቋማት አሉ፣ ማሽኑ ራሱ እንደ መያዣ ስለሚሆን ቤት አስይዙ አትባሉም፣ ፕሮፎርማችሁንና ያቺን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ሰው በደንብ ይሰማል።

ሰራተኞቹን ደሞ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት አናግሯቸው። "ማሽን መጣ" ሲባል የመጀመሪያ ሃሳባቸው "ልንባረር ነው" ነው፣ እንደዛ የፈራ ሰው ማሽኑ እንዲሰራ አይፈልግም፣ አይፈረድባቸውም። ማን ወደ ማሸጊያ እንደሚዛወር፣ ክፍያቸው በቁጥር ከሆነ ታሪፉ እንዴት እንደሚሆን በግልጽ ንገሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ምርቱ መውረዱ አይቀርም፣ ሁሉም እየለመደ ስለሆነ፣ ስለዚ የድሮውን ዕቃ ቶሎ አትሽጡት፣ ትልቅ ኦርደር ያለበት ሰሞንም አትትከሉ። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ከአንድ በላይ ይሁን፣ አንዱ ለቅሶ ከሄደ ቤቱ እንዳይቆም። ጎኑ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ በቆመ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ይጻፉበት፣ ከሶስት ወር በኋላ ከድሮው ደብተር ጋር አስተያዩት፣ የጾሙን ከጾም፣ የፍስኩን ከፍስክ ጋር፣ አለበለዚያ ገበያው ያመጣውን ለማሽኑ ትሰጡታላችሁ።